ከኅዳጉ በኩል

አዳራሹ ገብታችሁ በግራ በኩል ሦስተኛው ፍሬም ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ ሥዕሉን አትዩ። ከመጨረሻው ሳጥን በታች ያለችውን፣ ሁለት ጣት የማትሞላ ባዶ ወረቀት እዩ። ጎንበስ ካላችሁ ደብዘዝ ያለ የእርሳስ ጽሕፈት ታገኛላችሁ። እሷን ለማሳየት ምድር ቤት ያለነው ሰዎች ከላይኛው ፎቅ ጋር ሦስት ሳምንት ተከራክረናል። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ማብራሪያ ይህ አልተጻፈም። እኔ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሥራዬ ወረቀት ነው። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ሙዚየም ምድር ቤት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር እሠራለሁ፤ ግድግዳ ላይ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ በእጃችን ያልፋል። እንለካለን፣ ካርቶን እንቆርጣለን፣ በስስ የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ እናያይዛለን፣ በፍሬም እንዘጋለን። በዚህ ወቅት የመጡልን እንግዶች የድሮ የአሜሪካ ኮሚክ መጻሕፍት ዋና ገጾች ናቸው፤ ከ1940ዎቹ እስከ 1970ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ሠዓሊው ራሱ እጁን ያሳረፈባቸው ወፋፍራም ወረቀቶች። ያኔ ልጅ በጥቂት ሳንቲም ገዝቶ፣ አንብቦ፣ ጠቅልሎ ኋላ ኪሱ የሚከተው መጽሔት የተወለደው ከእነዚህ ነው።

ዕቃው ሲደርስ ወዲያው አይከፈትም። አንድ ሙሉ ቀን እንደታሸገ ክፍላችን ውስጥ ይቀመጣል፤ ወረቀቱ የቤቱን አየር ቀስ ብሎ እንዲለምድ ነው። ከጭነት መኪናው ጋር የመጣው የባለንብረቱ ተወካይም አብሮን ይጠብቃል። ከዚያ እያንዳንዱ ገጽ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፤ የክፍሉ መብራት ይጠፋል፤ ባትሪ ከጎን፣ ከወረቀቱ ጋር እኩል ሆኖ ይበራበታል። ይህች ሰዓት ለእኔ ከመክፈቻው ምሽት ትበልጣለች። በጎን ብርሃን ወረቀቱ ሀገር ይሆናል። ቀጥ ብለው ሲያዩት ልሙጥ የነበረው ጥቁር ቀለም ጉብታና ሸለቆ ያወጣል፤ በነጭ ቀለም የተሸፈነው ቦታ፣ ተማሪ ቤት ፍሉድ በምንለው ዓይነት፣ ከነጥላው ይነሣል። ሠዓሊው የሳተበት፣ ሐሳቡን የለወጠበት፣ አለቃው ያስለወጠው ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ ይወጣል። አንድ የጀግና ክንድ ሦስት ጊዜ ተሥሎ ሦስት ጊዜ ሲሸፈን አይቻለሁ። በአራተኛው ነው የበረረው።

ይህን ያህል ማረሚያ ያለ ይሉኝታ የተጠቀሙት ወረቀቱ በሰው ዓይን እንዲታይ ስላልተሠራ ነው። የተሠራው ለካሜራ ነበር። የማተሚያ ቤቱ ፊልም ፈዘዝ ያለ ሰማያዊን አያይም፤ ባዶ ወረቀት አድርጎ ነው የሚወስደው። ስለዚህ በሰማያዊ እርሳስ ያሻቸውን ይነድፋሉ፣ ለማተሚያ ቤቱም መልእክት ይጽፉበታል፤ ሳይፋቅ ይጠፋል። እርሳሱ የሌላ ሰው፣ ፊደሉ የሌላ፣ ጥቁር ቀለሙ ደግሞ የሦስተኛ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል። ፊደል ጸሐፊው መስመሩን አስምሮ ንግግሩን ከጨረሰ በኋላ ነው ገጹ ለባለ ብሩሹ የሚሄደው። ካሜራው ከዚህ ሁሉ ጥቁሩን ብቻ ወስዶ ሌላውን ተወው። እኛ ዛሬ ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ካሜራው የተወውን ጭምር ነው።

ብራና የሚያውቅ አንባቢ ይህ አይገርመውም። ጸሐፊው ጠርዙን በወስፌ ይወጋል፣ በደነዘ ጫፍ ያሰምራል፣ ከዚያ ነው ብዕሩን የሚያነሣው። መጽሐፉን የሚደግም ሰው ያችን ቀዳዳ ልብ ላይላት ይችላል። ጽሕፈቱ ቀጥ ብሎ የሄደው ግን በእሷ ነው።

የአዳራሹ ጥበቃ የሀገሬ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ቆመው ስለሚውሉ ጎብኚው የቱ ጋ እንደሚቆም፣ የቱን እንደሚያልፍ ከማናችንም ይበልጥ ያውቃሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰዉ ሁሉ ቀለሙ የት ሄደ እያለ ያስጨንቀኛል። ምን ልበል?»

«ከመጀመሪያውም አልነበረም ይበሏቸው፣ ጋሼ።»

«እንዴ! ያ ግድግዳ የሚወጣው ሰውዬ ቀይና ሰማያዊ አልነበረም?»

ነበር፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አልነበረም። ገጹ በጥቁር ቀለም ካለቀ በኋላ አንሶ ይገለበጥና ሌላ ሰው ቅጂውን በውኃ ቀለም ይቀባዋል፤ ከእያንዳንዱ ቀለም አጠገብም ኮድ ይጽፋል። ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፤ እያንዳንዱ በሦስት ድምቀት፣ ወይም ጨርሶ የሌለ። ብታባዙት 64 ይመጣል። የዚያ ዘመን ሰማይና ደም፣ ቆዳና እሳት በሙሉ ከእነዚህ 64 ነው የተመረጠው። ኮዱ የተጻፈበት ቅጂ ኮነቲከት ውስጥ ብሪጅፖርት ከተማ ወደነበረ የቀለም ሰሌዳ ሥራ ቤት ይላካል፤ እዚያ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች ለየቀለሙና ለየድምቀቱ ለብቻ ለብቻ፣ ፕላስቲክ ላይ በእጃቸው ይሞሉታል። የሸረሪት ሰውዬውን ልብስ ቀይ የሞላችውን ሴት ስም መጽሔቱ አላተመም። ከቀለም ሰዎች መካከል ስማቸው ተለይቶ የቀረ ጥቂት ናቸው፤ አንዷ ማሪ ሰቨሪን ናት፤ በ1950ዎቹ ኢሲ ኮሚክስ ለሚባል አሳታሚ ቀለም ትመርጥ ነበር፤ በኋላም ማርቭል በሚባል ሌላ አሳታሚ ቤት ራሷ ሠዓሊ ሆናለች።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀለሙ የት ሄደ ለሚላቸው ሰው ሁሉ ስለ ብሪጅፖርት ሴቶች ይነግራሉ። ከግድግዳው ማብራሪያ የእሳቸው ይሻላል፤ ሰው ቆሞ ይሰማቸዋል። አንድ ቀን ደግሞ ገጾቹን በእጃቸው እየጠቆሙ፣ «ይሄኮ እኛ ቤት የተሰቀለው የንግሥተ ሳባ ሥዕል ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእስራኤል ጉዞዋንና የምኒልክን ልደት ይዞ፣ በ44 ሳጥን ተከፍሎ፣ ከየሳጥኑ ሥር በአማርኛ እየተጻፈ፣ በተራ በተራ የሚነበብ ታሪክ። እኔም ልጅ ሆኜ ሥዕል ማንበብ የለመድኩት በእሱ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች።

አሁን ወደ ኅዳጉ ልመለስ። ዋሽንግተን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2008 ስሙ እንዲገለጽ ካልፈለገ ሰው 24 ገጽ በስጦታ ተቀበለ። ነሐሴ 1962 የሚል ቀን ይዞ የወጣው የ«አሜዚንግ ፋንታሲ» 15ኛ ቁጥር፣ ማለትም ስፓይደርማን፣ ያ የሸረሪት ሰውዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት መጽሔት ዋና ገጾች ናቸው። ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ ነው። የእሱ ዘመን ነጠላ ገጾች በጨረታ ስንት እንደሚያወጡ ለሚያውቅ ሰው፣ 24ቱን በአንድነት ለሕዝብ ሰጥቶ ስምን መደበቅ ትልቅ ነገር ነው። ከገጾቹ በአንዱ ላይ ስፓይደርማን የሚሆነው ወጣቱ ፒተር መኪና ሊገጨው ሲል የሚያመልጥበት ትዕይንት አለ። ኅዳጉ ላይ የአዘጋጁ የስታን ሊ የእርሳስ ማሳሰቢያ ይነበባል፤ መኪናውን ጣሪያ ያለው አድርገው፣ እጁን ወደ ውጭ ያንጠለጠለ ሰው አይኑር፣ በግዴለሽነት የሚነዱ እንዳይመስሉ የሚል ነው።

መኪና ላይ ጣሪያ ማድረግ ምን ያህል ነገር ነው? በዚያ ዘመን ብዙ ነገር ነበር። በ1954 ኮሚክ መጻሕፍት ልጆችን ያበላሻሉ ተብሎ የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ምርመራ አደረገ፤ አሳታሚዎቹም መንግሥት እጁን ሳያስገባ ብለው ራሳቸው የሳንሱር መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። የዚያን መሥሪያ ቤት ማኅተም በሽፋኑ ያልያዘ መጽሔት አብዛኛው አከፋፋይና ሱቅ አይነካውም ነበር። ስለዚህ ወንጀል፣ ጭካኔ፣ መጥፎ አርአያ የሚመስል ነገር አስቀድሞ፣ ገና በእርሳስ ሳለ ይለቀማል። የታተመው መጽሔት ላይ የምታዩት መኪናውን ብቻ ነው። ፍርሃቱን የምታዩት ኅዳጉ ላይ ነው።

የሠዓሊው የጃክ ከርቢ ኅዳግ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ማርቭል ቤት በ1960ዎቹ የነበረው አሠራር እንዲህ ነበር፤ ጸሐፊው ሙሉ ጽሑፍ አይሰጥም፤ አጭር ሐሳብ፣ አንዳንዴም የአፍ ወሬ ብቻ ይሰጣል። ሠዓሊው ታሪኩን በሳጥን በሳጥን ከፋፍሎ፣ ማን ምን እንደሚያደርግ ወስኖ ይሥለዋል፤ ንግግሩ በኋላ ይጻፋል። ከርቢ ገጹን ሲልክ በየሳጥኑ አቅጣጫ ኅዳጉ ላይ ምን እየሆነ እንዳለ በእርሳስ ይጽፍ ነበር። መጽሔቱ ሲታተም «ጸሐፊ» ተብሎ የሚወጣው ስም የእሱ አልነበረም። ታሪኩን ማን ፈጠረው በሚለው፣ ዛሬም ባልበረደው ክርክር ውስጥ እነዚያ የጠርዝ ጽሕፈቶች ምስክር ናቸው። ምስክሩን በካርቶን መሸፈን እንዴት ይቻላል?

ጠባችን የተነሣው እዚህ ላይ ነው። ወረቀት በፍሬም ሲገባ ከፊቱ መሐሉ እንደ መስኮት የተቆረጠ ካርቶን ይሆንበታል። ከላይ የመጣልን ትእዛዝ መስኮቱ በሳጥኖቹ ጥቁር መስመር ላይ በትክክል ይቆረጥ የሚል ነበር። ጠርዙ ሁሉ ተሸፍኖ ሥዕሉ ብቻ ይታያል ማለት ነው። ዐውደ ርእዩን ያሰናዳችው ኩሬተር ያለ ምክንያት አልነበረም ይህን ያለችው፤ ልቤ እየተቃወማትም ምክንያቷ ከበደኝ። እነዚህ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ሠዓሊ ተብለው አያውቁም፣ ገጻቸው እንደ ፋብሪካ ዕቃ ነው የታየው፤ አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ታላላቆቹ የንድፍ ሥራዎች ንጹሕና ክቡር ሆነው ይሰቀሉ አለች። ጠርዙ ደግሞ በእርግጥ ያስጠላል። ቡናማ የማስቲሽ እድፍ፣ የደረቀ ፕላስተር፣ የአታሚው ልኬት፣ የተሰረዘ የገጽ ቁጥር፣ የቡና ስኒ ክብ።

እኔ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ እድፍ የሥራው ላብ ነው፤ ላቡን ሸፍነን ክብር ሰጠን ማለት አንችልም።

ክርክሩን የፈታው ግን የእኔ ንግግር አይደለም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ገጽ ከሽፋኑ ስናወጣ ትንሽ ወረቀት ከላዩ ተላቅቆ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ሦስታችንም እጃችን በአየር ላይ ቀረ። የንግግር ክብ ነበር፤ ገጸ ባሕርዩ ከአፉ የሚያወጣው ቃል የሚጻፍበት። የዚያ ዘመን ሰዎች ንግግር ሲለወጥ አዲሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው በጎማ ማስቲሽ ይለጥፉት ነበር። ማስቲሹ በዓመታት ውስጥ ይደርቃል፣ ወረቀቱን ቡናማ አድርጎ ይለቀዋል። ማንም አላጠፋም፤ ጊዜው ደርሶ ነው። ከሥሩ በዚያው ፊደል ጸሐፊ እጅ በጥንቃቄ የተጻፈ ሌላ ንግግር አለ። የታተመው ቃል ዛቻ ነው። የተሸፈነው ልመና ነበር። ያው ፊት፣ ያው የተዘረጋ እጅ፤ እኔ ግን ያን ሥዕል ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ማየት አቃተኝ።

ኩሬተሯን ጠራናት። ወረደች፤ መብራቱን አጥፍተን ባትሪውን ከጎን አበራንላት። ብዙ ቆየች። በሁለት ጣቷ መካከል በአየር ላይ ትንሽ ልኬት አሳየችኝና፣ «ይህን ያህል ጨምሩ» አለች። በማግስቱ ካርቶኑን ሁሉ እንደገና ቆረጥን። ያ የተላቀቀው ክብ ፍሬም ውስጥ ከገጹ አጠገብ ለብቻው ተቀምጧል፤ በባለንብረቱ ፈቃድ አልመለስነውም። ሁለቱን ንግግር ማንበብ ትችላላችሁ።

በቀኝ ግድግዳ በኩል ጠርዝ የሌላቸው ገጾች ታያላችሁ። እነሱ ከባለቤቶቻቸው በታሸገ ፍሬም የመጡ ናቸው፤ እንድንከፍታቸው አልተፈቀደልንም። ባለፍኩ ቁጥር ከካርቶኑ ሥር ምን እንዳለ አስባለሁ።

ልኬታቸው ለምን እንደሚለያይም ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው በዘፈቀደ ይመስለዋል። እስከ 1967 አካባቢ ሠዓሊዎቹ የሚሠሩት ከታተመው ገጽ በእጥፍ በሚተልቅ ቦታ ላይ ነበር፤ ሥዕሉ ብቻ 32 በ47 ሳንቲ ሜትር ያህል። ከዚያ ወዲህ ወደ 25 በ38 ወረደ። ያነሰ ወረቀት ወጪ ይቀንሳል፣ ካሜራውም ሁለት ገጽ በአንድ ጊዜ ማንሣት ይችላል። አዳራሹ መሐል ቆማችሁ ዙሪያውን ካያችሁ ሥዕሉ ድንገት የሚጠብበትን ቦታ ዓይናችሁ ይለየዋል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ገጾች ላይ ብሩሹ ትንፋሽ ያጠረው ይመስለኛል። ይህ የእኔ ስሜት ነው፤ ባልደረባዬ አይስማማም።

እነዚህ ገጾች መትረፋቸው ራሱ ያስገርማል። ከታተሙ በኋላ ዋጋ እንዳለው ነገር የቆጠራቸው አልነበረም። ተቆርጠው ተጥለዋል፣ ለጎብኚ ልጅ ተሰጥተዋል፣ ከመጋዘን ጠፍተዋል። የኢሲ ኮሚክሱ ዊልያም ጌይንስ፣ በ1954 ሴኔት ፊት ቀርቦ የተከራከረው ሰው፣ የቤቱን ገጾች ከሞላ ጎደል በሙሉ ጠቅልሎ አስቀመጠ፤ ከዓመታት በኋላ በጨረታ ወጡ። የኢሲ ገጾች ንጹሕ ሆነው የምታዩአቸው ለዚህ ነው። ሌላው ቤት እንዲህ አልነበረም። በ1980ዎቹ ማርቭል የድሮ ገጾችን ለሠዓሊዎቹ መመለስ ሲጀምር ከርቢ በሺዎች የሚቆጠር ገጽ ሠርቶ ነበር። መጀመሪያ የቀረበለት 88 ነው፤ ያውም ለሌሎቹ ካልቀረበ የጠበቀ ባለ 4 ገጽ ውል ፈርም ተብሎ። አልፈረመም። የሙያ ጓደኞቹ በአደባባይ ቆሙለት፤ በ1987 ወደ 2,000 የሚጠጋ ገጽ ተመለሰለት። የቀረው ማን እጅ እንደሄደ አልፎ አልፎ ጨረታ ላይ ብቅ ሲል ይታያል። የእሱን ገጽ ስይዝ እጄን ሁለት ጊዜ እታጠባለሁ። ደንቡ አንድ ጊዜ ነው የሚለው።

ስለ መብራቱ የምታማርሩም አላችሁ፤ ሰምቻለሁ። 50 ሉክስ ነው፤ ለወረቀት ከዚያ በላይ አንሰጥም። ከካርቦን የተሠራው ጥቁር ቀለም ብርሃን አያሸንፈውም። ወረቀቱ ግን ቢጫ ይሆናል፤ ማርከር የነካው ቦታ ደግሞ ዓይናችን እያየ ይሸሻል፤ የተመለሰ ማርከር የለም። ስለዚህ አንድ ገጽ ጥቂት ወራት ይሰቀልና ለዓመታት ጨለማ ውስጥ ያርፋል። በዐውደ ርእዩ አጋማሽ አንዳንዶቹን አውርደን ሌሎች እንሰቅላለን። ወዳጃችሁ አየሁት ያላችሁን ገጽ ብታጡት አትፍረዱበት፤ ሄዷል።

ባለፈው ሰኞ፣ ሙዚየሙ ዝግ በነበረበት ቀን፣ የመጀመሪያዎቹን አወረድን። ጋሼ የዕለቱ ተረኛ ስለነበሩ ወደ ምድር ቤት እንዲወርዱ ጠራኋቸው። ሁለት ወር ሙሉ የጠበቁትን ገጽ ጀርባ አይተውት አያውቁም። ገለበጥኩት። የሳንሱሩ መሥሪያ ቤት ማኅተም አለ፤ የሥራ ቁጥር አለ፤ በታች በኩል ደግሞ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር በቁጥር ላይ ተደርድሯል። መደመር ነው። አንዱ ቁጥር ተሰርዞ ሌላ ተተክቷል፤ ድምሩ ሁለት ጊዜ ተከቦበታል። ከሠዓሊውና ከባለ ብሩሹ የማንኛቸው እጅ እንደሆነ አልተመዘገበም።

ጋሼ መነጽራቸውን አውጥተው ጠጋ አሉ። ወረቀቱን ሳይነኩ በጣታቸው በአየር ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ደመሩት።

«ትክክል ነው» አሉ። «የወሩ መጨረሻ ደርሶበት ነው።»

ስስ ወረቀት ጣል አደረግኩበት፤ ሳጥኑን ዘጋሁ። ጋሼም ወደ በራቸው ወጡ።